ያልቆሸሸ ማሊያ

ስለ ኳስ ብዙ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ ስለ አሜሪካኖቹ ፉትቦል፣ ኳሱን በእጅ ይዘው እየተጋጩና እየተጣጣሉ ስለሚጫወቱት፣ ደግሞ ጭራሽ። ያም ሆኖ አራት ዓመት ሙሉ የአንድ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድን ማሊያ አጥቤያለሁ፤ በሰዓት እየተከፈለኝ።

ኮሌጁ መሀል አሜሪካ፣ ዙሪያውን በቆሎ የከበበው ትንሽ ግቢ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ኋላ ላይ ትንሽ ስለማማው። በተማሪ ቪዛ የሄደ ሰው ትምህርት ላይ ሳለ ያለ ልዩ ፈቃድ መሥራት የሚችለው ግቢ ውስጥ፣ ያውም በሳምንት ከ20 ሰዓት ሳይበልጥ ነውና፣ በደረስኩ በሳምንቴ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ተገተርኩ። ሰሃን ማጠብ፣ መጽሐፍ መደርደር፣ ሣር ማጨድ፣ "ኢኩዊፕመንት ሩም"። የመጨረሻዋ የላብራቶሪ ዕቃ ክፍል መስላኝ ተመዘገብኩ። ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት የተቀበለኝ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ማታ ተጫዋቹ ፒዛውን ይዞ ሲበተን እኔ ምድር ቤት እወርዳለሁ። ከመቶ በላይ ማሊያ፣ ከመቶ በላይ ነጭ ሱሪ። (ሣር ላይ ለሚንከባለል ሰው ነጭ ሱሪ የመረጠው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ልብስ አጥቦ የማያውቅ ሰው ለመሆኑ ግን እምላለሁ።) የሣሩ አረንጓዴ ጉልበቱ ላይ ይጋገራል። ደም ሙቅ ውሃ ከነካው አይለቅም፤ በቀዝቃዛ ነው የሚጀመረው። ካልሲውና የውስጥ ልብሱ ደግሞ የየተጫዋቹ ቁጥር ባለባት ማሰሪያ ላይ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥሎ፣ እንደተንጠለጠለ ወደ ማሽኑ ይገባል። ያ ባይሆን ኖሮ የመቶ ሰው ካልሲ ስለይ እስከ ፋሲካ እቆይ ነበር።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት አንድ ብልሃት መጣልኝ። ከመቶው ማሊያ ስልሳው ንጹህ ነው። ባለቤቶቹ ለብሰውት ወጥተው፣ ከመስመሩ ውጭ ሦስት ሰዓት ቆመው፣ አጨብጭበው የተመለሱ ናቸው። እዚያ ቡድን ውስጥ መጫወት እፈልጋለሁ ያለ ሁሉ ማሊያ ይሰጠዋል፤ ሜዳ የሚገባው ግን ጥቂቱ ነው። እናም ንጹሖቹን እያጣጠፍኩ ቀጥታ መደርደሪያው ላይ መደርደር ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ተረፈኝ፤ ለኬሚስትሪዬ አዋልኳት።

አንድ ቅዳሜ ማታ የቡድኑ አሰልጣኝ ወረደ። ኮች ነው የምለው፤ ሌላ ስም እንዳለው ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሳጣጥፍ አየኝ። ካጣጠፍኳቸው አንዱን አነሣ፣ ቁጥሩን አየ፣ አፍንጫው ላይ አድርጎ አሸተተ፣ ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ወረወረው።

"እነዚህንም እጠባቸው።"

"ንጹህ ናቸው እኮ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። "እነሱም ያውቃሉ።"

ሌላ አልጨመረም። ተገልብጦ በተቀመጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ካልሲ ከማሰሪያ ሲፈታ አመሸ። ሊወጣ ሲል ስሜን ጠየቀኝ። ስሜ ውስጥ "ጸ" አለች፤ እስከዚያ ቀን ግቢው ሁሉ በ"ቲ" እያሳጠረ ነበር የሚያልፈኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ አቃተው። ሰኞ ስመለስ ከማድረቂያው በላይ፣ ተጫዋቾቹ ቁርጭምጭሚታቸውን በሚያስሩበት ነጭ ፕላስተር ላይ፣ ስሜ ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ በጥቁር ማርከር ተጽፎ ተለጥፏል። ከዚያ ወዲህ ካልሲ ሊወስድ የሚመጣው ሁሉ ግድግዳውን እያየ ይጠራኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ኢሜይል ደረሰኝ። ኮች በ81 ዓመቱ አርፏል፤ የቀድሞ ተጫዋቾቹ በስሙ ፈንድ ሊያቋቁሙ ነው፤ ለየዘመኑ ስልክ የሚደውል በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም የሚባለው እኛ ዘንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የገረመኝ ግን መልእክቱ እኔን ማግኘቱ ነው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ኮች በየዓመቱ የቡድኑን ዝርዝር ለኮሌጁ ሲያስገባ ማሊያ አጣቢውንም ከታች ይጽፍ ኖሯል። በመዝገብ እኔ የፉትቦል ሰው ነኝ። ለባለቤቴ ስነግራት ሳቋ አላስጨርስ አለኝ።

በዙም ተሰበሰብን፤ አሥራ አንድ ወንዶችና የኮች ሴት ልጅ። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ነገሩ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን የነሐስ ሐውልት ሜዳው በር ላይ፣ ካልሆነም ስሙ ያረፈበት ትልቅ የውጤት ሰሌዳ ይላል። ሌላው ወገን ገንዘቡ ተቀምጦ በየዓመቱ የሚያፈራው ይሠራበት ባይ ነው። እኔ ዝም አልኩ። ማሊያ አጣቢ በመጀመሪያው ስብሰባ አይናገርም።

ሐውልት ሲነሣ ግን ትዝ የሚለኝ ፔን ስቴት የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ጆ ፓተርኖ 409 ጨዋታ ያሸነፈ፣ ገና በሕይወት ሳለ በ2001 ስታዲየሙ ጎን የነሐስ ሐውልት የቆመለት አሰልጣኝ ነበር። በ2012 ዓመታት ሙሉ ረዳቱ የነበረው ሰው ሕፃናትን በማስነወር ተፈረደበት፤ አለቆቹ ምን ያውቁ ነበር የሚለው ጥያቄም ፓተርኖ ላይ ደረሰ። እሱ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሞቶ ነበር። ሐምሌ ላይ ሐውልቱን በሸራ ጋርደው አነሡት። እሱና ባለቤቱ የራሳቸውን ገንዘብ የሰጡለት፣ ከሌላውም የለመኑለት ቤተ መጻሕፍት ግን እስከ ዛሬ ስሙን እንደያዘ ነው። የእኛ ኮች እንዲህ ያለ ነገር ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ እግዜር አይበለው። ነሐስ መልስ መስጠት አይችልም ለማለት ነው።

የግራምብሊንግ ሰዎች ሌላ መንገድ ነበር የሄዱት። ሉዊዚያና ውስጥ ያለ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። ኤዲ ሮቢንሰን ከ1941 እስከ 1997 እዚያው አሠልጥኖ 408 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከ200 በላይ ልጆችን ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ላከ። የሚኮራበትን ሲጠይቁት ግን አንድ ሥራና አንዲት ሚስት ብቻ ይዞ መኖሩን ነበር የሚናገረው። በ2007 ሞተ፤ በ2010 ግቢው ውስጥ የድሮ ጂምናዚየም ታድሶ በስሙ ሙዚየም ተከፈተ። ስለ እሱ ካነበብኩት ሁሉ የማይጠፋኝ፣ ማለዳ የተጫዋቾቹ ዶርም ኮሪደር ላይ ደወል እየደወለ መዞሩ ነው፤ ለልምምድ ሳይሆን ክፍል እንዳይቀሩ። የትምህርት ቤት ደወል እየሰማ ያደገ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

በሁለተኛው ስብሰባ ሐውልቱ ራሱ በራሱ ወደቀ፤ ዋጋው ተጠይቆ። ፈንዱ አለፈ።

አሁን ኮሌጁን ልማው። የልገሳው ቢሮ የላከልን ወረቀት ለጋሾችን በወርቅ፣ በብርና በነሐስ መድቧቸዋል፤ የእኔ ወረቀት ላይ ደግሞ ስሜ አሁንም በ"ቲ" ነው። ከዚያ ደንቡ መጣ። ዘላቂ ፈንድ ለመባል መነሻው 50,000 ዶላር ነው። ገንዘቡ ኢንቨስት ይደረጋል፣ ዋናው አይነካም፣ በየዓመቱ ወደ 4.5 በመቶ ገደማ ወጪ ይሆናል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ 2,250 ዶላር። ይህን ሁሉ ስልክ የምንደውለው በዓመት ለአንድ ያገለገለ መኪና ጎማና ፍሬን ከሚያስፈልገው ብዙም ለማይበልጥ ገንዘብ ነው። ጉዱ ደግሞ ከታች በትንሽ ፊደል ነበር፦ በአምስት ዓመት ውስጥ 50,000ው ካልሞላ የተዋጣው ወደ አጠቃላይ የስፖርት በጀት ይገባል። የኮች ስም ሜዳ ማጨጃ ቤንዚን ውስጥ ይቀልጣል ማለት ነው።

ሌላም ማነቆ አለ። የእኛ ኮሌጅ ያለው በኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛው ዲቪዚዮን ነው። እዚያ ዲቪዚዮን ውስጥ ኮሌጅ ለስፖርት ብሎ ነፃ ትምህርት መስጠት ክልክል ነው፤ የገንዘብ ድጋፍ ሲሰጥም ተማሪው ተጫዋች መሆኑ መስፈርት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ "ለድሃ ተጫዋች ልጅ" የሚለው የሁላችንም ሐሳብ ገና ሳይወለድ ሞተ። የቀረው ወይ የችግረኛ ተማሪ ሁሉ ድጋፍ፣ ወይ የቡድኑ ዕቃና ጉዞ ነው። ግማሽ በግማሽ ይሁን ተባለ።

ሠላሳ አራት ስም ደረሰኝ፤ ከነስልካቸው፣ ምን ማለት እንዳለብኝ ከሚያዝ ወረቀት ጋር። ወረቀቱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ገንዘቡን ጠይቅ ይላል። እኔ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ የእድር መዋጮ ስሰበስብ ነው የኖርኩት። ገንዘቡን የምትጠይቀው ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ፣ የእናቱ ጉልበት ተሽሏት እንደሆነ ካወቅህ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ አልሰጥም የሚል የለም፤ ለቅሶ ላይ ዝርዝሩ ሲነበብ ስሙ እንዳይዘለል ይፈራል። እነሱ ዘንድ ማንም ዝርዝር አያነብም፣ የከለከለህም ሰው "ስለደወልክ አመሰግናለሁ" ብሎ ይዘጋል። የቱ ይሻላል ብትሉኝ አላውቅም፤ የእኛው ገንዘብ ግን ቶሎ ይገባል። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ በእድር ደንብ ደወልኩ።

በመጀመሪያ የደወልኩት ለኮከቦቹ ነው። ማሊያቸውን በእጄ ያሸሁላቸው፣ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ሜዳው የሚጮኽላቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ቃል ገቡ። አንዳንዱ እስካሁን ቃሉ ላይ ነው። ያልጠበቅሁት ከታች መጣ። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሜዳ ያልገባ ሰው ስልኩን ይዞ ይጠብቀኝ የነበረ ይመስል ገና ስሙን ስጠራው ካርዱን ያወጣል። አንዱ መምህር ነው፤ በወር 25 ዶላር ለአምስት ዓመት። ሌላው መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው የሰጠውን ያህል የሚጨምር ነውና 500ው አንድ ሺህ ሆነ። ሁለቱም ተጠባባቂ ነበሩ። ሁለቱም ያወሩልኝ ስለ ጨዋታ ሳይሆን ኮች በስማቸው ሰላም ስላላቸው ጠዋት ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር በትልቁ ያየው ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ይመስለኛል። ጆን ጋላርዲ ቤኔዲክታውያን መነኮሳት ባቋቋሙት በዚያ ግቢ ከ1953 እስከ 2012 ድረስ አሠለጠነ። ከዚያ በፊት የነበረበት ኮሌጅ ሲጨመር 489 ድል፤ በኮሌጅ ፉትቦል እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። ይህ ሰው ኮች ብላችሁ አትጥሩኝ፣ ጆን በሉኝ ይል ነበር። ፊሽካ አይዝም። ልምምዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። የመጣውን ተጫዋች አይቀንስም፤ ልምምድ ላይ ከ150 በላይ ልጅ የሚሰለፍበት ዓመት ነበር። የቀድሞ ስፖርተኞቹ ማኅበር በ1993 በስሙ ሽልማት ሲያቋቁም ጋላርዲ ገና በሥራ ላይ ነበር፤ ሽልማቱ ዛሬም በየዓመቱ ለሦስተኛው ዲቪዚዮን ምርጥ ተጫዋች ይሰጣል። 150 ሰው ያልቀነሰ አሰልጣኝ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስልክ የሚያነሣለት ስንት ሰው እንደሚኖረው አስቡት።

ከጋላርዲ ደንቦች ትልቁን ግን ዘልዬዋለሁ። የዘለልኩት ወድጄ ነው፤ ወደ ቁጥር 54 ስለሚወስደኝ።

54 ላይንባከር ነበር፤ ኳስ የያዘውን እየተጋጨ የሚጥል ተከላካይ። ከሁሉም በላይ ሱሪው የሚያስቸግረኝ እሱ ነበር፤ ሣሩ፣ ጭቃው፣ ደሙ። ሦስተኛ ጊዜ ስደውል አነሣ። ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፣ ነገረኝ። ስለ ሥራው ጠየቅኩት፤ አቁሜያለሁ አለ። ብርሃን ስለሚያመው ሳሎኑን ጋርዶ ነው የሚውለው፤ ያነበበውን ገጽ ይረሳዋል። ገንዘቡን ሳልጠይቀው ራሱ አነሣው።

"ኮችን እወደው ነበር" አለኝ። "ግን እንዲህ የሆንኩት ቅዳሜ አይደለም። ቅዳሜ በዓመት አሥር ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ልምምድ ላይ ነው። እርስ በርሳችን ስንጋጭ 'እንደገና' እያለ ፊሽካ ይነፋ የነበረው እሱ ነው።"

ምን እንደምል ጠፋኝ። አይዞህ በእንግሊዝኛ የለም።

የጋላርዲ ደንብ ይኸው ነው፦ ልምምድ ላይ መጣጣል ክልክል። የእኛ ኮች ገና ሥራ ሳይጀምር ነው ጋላርዲ እንዲያ ማሠልጠን የጀመረው፤ እያሸነፈ። ስለዚህ "ያኔ ማን ያውቅ ነበር" የሚለውን የኮሚቴያችንን ሰዎች መልስ አልቀበለውም። የዳርትመዝ ኮሌጅ አሰልጣኝ የነበረው ባዲ ቲቨንስም በ2010 ልምምድ ላይ ሰው ሰውን መጣል እንዲቀር አደረገ። ቡድኑ ሊፈርስበት ነው ብለው ሳቁበት። በዚያው ኮሌጅ የምሕንድስና ትምህርት ቤት በሪሞት የሚሮጥ፣ ልጆቹ የሚጥሉት ፍራሽ መሳይ ሮቦት ተሠራ፤ ፕሮፌሽናል ቡድኖችም ገዙት። በ2015 ቡድኑ የሚጫወትበትን አይቪ ሊግ ከሌሎች ጋር እኩል ሆኖ ወሰደ፤ በ2016 የአይቪ ሊግ አሰልጣኞች በሙሉ በውድድር ወቅት ልምምድ ላይ መጣጣል እንዲቀር ተስማሙ። ቲቨንስ በመጋቢት 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ብስክሌት እየነዳ መኪና ገጨው፤ በመስከረም ሞተ። በ2024 ስታዲየሙ በስሙ ተሰየመ።

የ54ን ነገር ለኮሚቴው ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩ፤ ስሙን ሳልጠራ። ብዙ ዝምታ ሆነ። አንዱ "ይሄ የሚነሣበት ጊዜ አይደለም" አለ። የኮች ልጅ ካሜራዋን ዘግታ ቆየች፤ ከዚያ ከፈተችና "አባቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስለዚህ ያወራ ነበር፤ ለእኔ እንጂ ለእናንተ አላወራም" አለች። በፈንዱ ሰነድ ላይ የዕቃው ግማሽ አስቀድሞ ለልምምድ ደኅንነት እንዲውል የምትል አንዲት መስመር ገባች። በ2,250 ዶላር ግማሽ ምን ይገዛል? ጥቂት ሄልሜት ምናልባት። ለ54 ደውዬ ነገርኩት። "ጥሩ" አለ። ገንዘብ አልሰጠም፤ እኔም አልጠየቅኩት።

ግንቦት ላይ 50,000ው ሞላ። ከእኔ ዝርዝር የቀረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስልኩ ተቀይሮ ሲያስቸግረኝ የከረመ፣ ቁጥር 83። ሞልቷል ብዬ ልተወው አልቻልኩም። በዚያች ቅዳሜ ማታ ኮች ከመደርደሪያው አንሥቶ ያሸተታት ማሊያ 83 ነበረች።

አሁን ኦሃዮ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ስሜን ስነግረው፣ ፕላስተሩን ያስታውስ ኖሮ፣ ከነ"ጸ"ዋ ለመጥራት ሞከረ፤ ደህና አድርጎ አበላሸው። ልጆቹን፣ ጉልበቱን፣ የዘንድሮውን በረዶ አወራን። ከዚያ ሳላስበው አፌ አመለጠኝ። አንድ ነገር ልናዘዝልህ አልኩት፤ በመጀመሪያው ዓመቴ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ ማሊያህን ሳላጥብ እያጣጠፍኩ አስቀምጥ ነበር።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ከሩቅ የሚመጣ ሳቅ ሰማሁ።

"አውቅ ነበር" አለኝ። "የሳሙና ሽታ አልነበረውም። ከዚያ በአራተኛው ሳምንት ሸተተ፤ ቅዳሜ የምገባ መስሎኝ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።"

"ገባህ?"

"አልገባሁም" አለና፣ ካርዱን ሊያመጣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።